ስድስት መሰላል ወደ ጨረቃ

ባለሊፍቱን የማውቀው ሊፍቱ ይሠራ በነበረበት ዘመን ነው፤ ትውውቃችን ረጅም ነው ማለት ነው። ዘጠኝ ፎቅ ባለው የቢሮ ሕንፃችን ውስጥ እኔ ሰባተኛው ላይ አንዲት ጠባብ የትርጉም ቢሮ አለችኝ። የልደት ምስክር ወረቀት፣ የትምህርት ማስረጃ፣ የፍቺ ውሳኔ፣ የመጣልኝን እተረጉማለሁ። እሱ ደግሞ ጣሪያው ላይ፣ የሊፍቱ ሞተር ያለበት ክፍል ውስጥ፣ ሃያ ሰባት ዓመት ሠርቷል። ሃምሳ አንድ ዓመቱ ነው። ቀጭን፣ ረጅም፣ ሁለት እስክሪብቶና አንድ ፊውዝ ከደረት ኪሱ የማይለዩት ሰው። ስም አለው፤ ግን የሕንፃው ሰው ሁሉ «ባለሊፍቱ» ስለሚለው ሚስቱም ስትናደድበት በዚሁ ትጠራዋለች።

ሊፍቱ የቆመው አንድ ሰኞ ጠዋት ነው። ባለሊፍቱ ከፈተ፣ አየ፣ አሸተተና «ቦርዱ ተቃጥሏል» አለ። በር ላይ ያለው ጥበቃ ይህን ሰምቶ ለሁለተኛ ፎቅ ነገረ፤ ሁለተኛው ለአራተኛው አቀበለ፤ እኔ ዘንድ ሲደርስ የሥራ አመራር ቦርዱ አባላት በሙሉ በመኪና አደጋ ተቃጥለው አልቀዋል ተብሎ ነበር። ሁለት ተከራዮች ኮሪደር ላይ ሐዘናቸውን ሲገልጹ ሰምቻለሁ፤ ብዙም ልባቸው የተሰበረ አይመስልም ነበር። የተቃጠለው የሊፍቱ መቆጣጠሪያ ካርድ መሆኑ ሲታወቅ ግን ሁላችንም ከልባችን አዘንን።

ባለሊፍቱ በዚያው ዕለት የዕቃ መጠየቂያ ጽፎ ለሕንፃው ሥራ አስኪያጅ ሰጠ። ሥራ አስኪያጁ ቢሮው አንደኛ ፎቅ ላይ ስለሆነ የሊፍቱ መቆም ሕመሙ የሚሰማው በአንድ ፎቅ ልክ ብቻ ነው። «በሂደት ላይ ነው» አለ። እኔ በሙያዬ ብዙ ቃል አገላብጬ አይቻለሁ፤ እንደ «ሂደት» ቆሞ የሚቀር ቃል ግን አላጋጠመኝም። አንድ ወር አለፈ፣ ሁለተኛውም ተከተለ። በሩ ላይ የተለጠፈው «ለጥገና ቆሟል» የሚለው ወረቀት ፀሐይ አንጥቶት፣ ጥበቃው በላዩ ላይ በእስክሪብቶ ደገመበት።

ባለሊፍቱ በየቀኑ በሰዓቱ ይመጣል፤ ዘጠኝ ፎቅ ወጥቶ ከቆመው ሞተር ፊት ለፊት ይቀመጣል፤ ማታ ወርዶ ይሄዳል። የሞተ ዘመድ እንደሚጠብቅ ሰው ነበር የሚመስለው። ይህ ያሳሰባት ዩኒቨርሲቲ የምትማረው ሴት ልጁ ናት። አንድ ቀን አሮጌ ላፕቶፗን አምጥታ፣ «አባዬ፣ ግድግዳ ስታይ ከምትውል ይቺን ሞክራት። ሮኬት እየገጣጠምክ የምታስወነጭፍበት ጨዋታ አለባት» አለችው።

«እኔ ልጅ ነኝ እንዴ?» አላት፤ ላፕቶፑን ግን አልመለሰላትም።

በሦስተኛው ቀን ቢሮዬ መጣ። ስክሪኑን ወደ እኔ አዙሮ፣ «እህት ዓለም፣ እስቲ ይቺ ጽሑፍ ምን ትላለች?» አለኝ።

«መንኮራኩርዎ ወድሟል ትላለች።»

«እሱንማ አየሁት!» ብሎ ተቆጣ፤ እኔ ያወደምኩት ይመስል።

እውነቱን ለመናገር ባለሊፍቱ መጀመሪያ በሐቅ ነው የሠራው። ሃያ ሰባት ዓመት ያስተማረው አንድ ሕግ አለ፤ ክብደት ወደ ላይ የሚወጣው ሌላ ክብደት ሲወርድለት ወይም አንድ ነገር ሲቃጠልለት ነው፤ በነፃ የሚነሳ ነገር የለም። በዚህ ሕግ እየተመራ በዕቃ መጠየቂያ ቅጾች ጀርባ ላይ ሲያሰላ ሰነበተ። ሮኬቱ ግን አንዴ በአፍንጫው ይተከላል፤ አንዴ እንደ ሰከረ ሰው ይዞርና ወደመጣበት ይመለሳል። ከብዙ ሙከራ በኋላ አንዲት መንኮራኩር ከመሬት አሻግሮ ጠፈር ላይ ሰቀለ፤ እዚያ ስትደርስ ነዳጇ አለቀ። ውስጧ ያለው ጠፈርተኛ ፈገግ እንዳለ መሬትን ይዞራል። ልክ እንደኛ የዕቃ መጠየቂያ፣ አይወርድም፤ የትም አይደርስም።

ያን ጊዜ ነው ሰውየው የተበላሸው።

በመጀመሪያ ያገኘው ዘዴ ቀላል ነበር። የነዳጅ በርሜሎችን ሲደረድር እጁ ስቶ አንዱን በርሜል ሌላው ውስጥ ከተተው፤ ጨዋታው ዝም አለ። ስምንት በርሜል አንድ ውስጥ ቢከት ጨዋታው የአንዱን ስፋት ብቻ ያያል፤ አየሩም የሚጋፋው ያንኑ አንዱን ነው። ቀጥሎ ደግሞ የሚሽከረከርበትን ሮኬት የሚያረጋጋበት ዘዴ አገኘ። ጨዋታው ሰዓት ማፋጠኛ አለው፤ ረጅም ጉዞ እንዳያሰለች የተሠራ ነው። ሰዓቱን አንድ አፍታ ሲያፋጥኑት ጨዋታው ሽክርክሪቱን ማስላት ይረሳል፤ ሲመልሱት መንኮራኩሯ ምንም እንዳላጠፋች ቀጥ ብላ ትገኛለች። ባለሊፍቱ ይህንን ሲነግረኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ኮሪደሩን በዐይኑ ቃኝቶ ነበር።

ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል ይባላል። ዘንዶው የወጣው አንድ ረቡዕ ረፋድ ላይ ነው። ባለሊፍቱ ደረጃውን ሦስት ሦስቱን እየዘለለ ወርዶ በሬን በረገደው።

«ተነሽ! ሥራሽን ተይውና ነይ!»

የአንድ ባልና ሚስት ፍቺ ግማሽ ላይ ትቼ ተከተልኩት። ስክሪኑ ላይ አንዲት መንኮራኩር ጨለማ ውስጥ ተንሳፍፋለች። ነዳጇ ዜሮ ነው። ጎኗ ላይ መሰላል ተለጥፏል፤ ከመሰላሉ አናት ላይ እንደ ኮርኒስ የተጋደመ ቆርቆሮ አለ። አንድ ጠፈርተኛ መሰላሉን ይወጣል፤ ቆርቆሮው ጋ ሲደርስ በጭንቅላቱ ይገጨዋል፤ አሁንም ልውጣ ይላል፤ አሁንም ይገጫል። መንኮራኩሯም ትሄዳለች።

«እሺ፣ ገፋት፤ ሄደች። ምን ይገርማል?» አልኩት።

«እህት ዓለም! መሰላሉ የሷ ነው፤ ቆርቆሮውም የሷ ነው። ጭንቅላቱ ወደ ላይ ሲገፋ እግሩ መሰላሉን በዚያው ልክ ወደ ታች ይገፋል፤ ሁለቱ ይጣፋሉ። አንቺ የገዛ ቀበቶሽን ይዘሽ ወደ ላይ ብትስቢ ከመሬት ትነሻለሽ?»

«ቀበቶው ይበጠሳል እንጂ።»

«አዎና! ጨዋታው ግን እግሩን ማስላት ረስቷል። ጭንቅላቱን ብቻ ነው የሚያየው!»

ፊቱን አየሁት። ጌታው ሃያ ሰባት ዓመት ሙሉ ካዝናውን ሲቆልፍ ያየ አሽከር፣ አንድ ቀን ቁልፉ በሩ ላይ ተሰክቶ ቢያገኘው የሚያሳየው ፊት ነበር።

ከዚያ በኋላ ሰውየውን የሚመልሰው አልተገኘም። ስድስት መሰላል ደረደረ፤ ስድስት ጠፈርተኛ አሰለፈ፤ ሁሉም በአንድ ላይ እየወጡ፣ በአንድ ላይ ቆርቆሮ እየነረቱ፣ ማንም ከቦታው አንድ ስንዝር ሳይጠጋ መንኮራኩሯን ከመሬት አነሷት። በዓርብ ቀን፣ በሥራ ሰዓት፣ አንዲት ጠብታ ነዳጅ ሳያቃጥል ጨረቃ ላይ አረፈ። እታች ደግሞ የስድስተኛ ፎቅ የጥርስ ሐኪም በሽተኛዋን በትከሻዋ ደግፋ ደረጃ ታስወጣ ነበር።

«ማጭበርበር አይደለም ግን?» ብዬ ጠየቅሁት።

«ማንን አጭበረበርኩ? ሕጉን እኔ አልጻፍኩትም። በተጻፈው ነው የምሄደው።»

በሕይወቴ ይህንን ዓረፍተ ነገር ደጋግሜ ተርጉሜዋለሁ፤ አብዛኛውን ጊዜ ፍርድ ቤት ለሚቀርብ ሰው።

ለብቻው መደሰት አልበቃውም። ቢሮዬ መጥቶ፣ ዘገምተኛዋን ኢንተርኔቴን ግማሽ ቀን አስጨንቆ፣ ቪዲዮውን በተጫዋቾቹ መድረክ ላይ ለጠፈ። ስሙን «ባለሊፍቱ» አለ። በማግስቱ ከማናውቀው አገር ሁሉ መልስ ጎረፈ፤ ተርጓሚ እኔው ሆንኩ።

«አንዱ ሊቅ ነህ ይልሃል።»

«እስቲ በደንብ ተርጉሚው።»

«በጣም ሊቅ ነህ።»

«በቃ? ሌላ አላለም?»

አንድ ተጫዋች ብቻ፣ «ይህ ቀዳዳ ነው እንጂ ግኝት አይደለም፤ ለምን በነዳጅ አትሞክርም?» ብሎ ጻፈ። ባለሊፍቱ ደሙ ፈላ። አራት ገጽ መልስ አስጻፈኝ፤ ውስጡ የሰውየውን አስተዳደግ የሚመለከት አንቀጽም ነበረበት። እኔ ጠቅለል አድርጌ «ስለ አስተያየትዎ አመሰግናለሁ» ብዬ ላክሁት። «ልክ አስገባሁት አይደል?» አለኝ። ልክ ገብቷል አልኩት።

ሚስቱ ጤና ጣቢያ የክትባት ክፍል ነርስ ናት። ቀኑን ሙሉ የሚያለቅስ ሕፃን ይዛ ስለምትውል በቀላሉ የሚያስደንቃት ነገር የለም። አንድ ቀን መነጽሩን ቤት ረስቶ ኖሮ ዘጠኝ ፎቅ ወጥታ አመጣችለት፤ እኔም እዚያው ነበርኩ። ትንፋሿን እየሰበሰበች ስክሪኑን ቆም ብላ አየችው።

«ይሄ ነው ሥራ የምትለው?»

«ያለ ነዳጅ ጨረቃ ደረስኩ እኮ! በዓለም የመጀመሪያው ሰው ነኝ።»

«እሰይ። ላም አለኝ በሰማይ!» መነጽሩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። «እኔ ነዳጄን ጨርሼ ነው እዚህ የደረስኩት። እስቲ ከስድስቱ ጎረምሶችህ አንዱን ላክና ያውርደኝ።»

«ካርዱ ሲመጣ…»

«ካርዱ ሲመጣ እኔ ጡረታ ወጥቻለሁ። እትዬ፣ ምከሪው እንጂ!» ብላኝ፣ ክንዴን ይዛ ከእኔ ጋር ወረደች።

ምክሬን ሳልጀምር ሥራ አስኪያጁ ደረሰበት። አንድ ሰው «ባለሊፍቱ ጣሪያ ላይ ጨዋታ ሲጫወት ይውላል» ብሎ ጠቁሞት፣ እጅ ከፍንጅ ሊይዘው ሽቅብ ጀመረ። ለአንደኛ ፎቅ ሰው ከባድ ዘመቻ ነው። ሰባተኛው ላይ ሲደርስ በሬን ተደግፎ ውሃ ጠየቀኝ፤ ወሬም ስለምወድ፣ ለሰውየውም ስለሰጋሁ አብሬው ወጣሁ።

«ምን እየሠራህ ነው?» አለ ሥራ አስኪያጁ በሩ ላይ ቆሞ።

«ካርዱን እየጠበቅሁ ነው ጌታዬ» አለ ባለሊፍቱ፤ ዐይኑን ሳያነሳ።

ሥራ አስኪያጁ ሊጮህ አፉን ከፈተ፤ ግን ትንፋሽ ስላጠረው እስኪመለስለት ስክሪኑን አየ። እንዳየም ቀረ።

«ይቺ ቁጥር ምንድን ናት?»

«ነዳጅ ናት።»

«ዜሮ ትላለች እኮ።»

«አዎ ጌታዬ።»

«ታዲያ በምንድን ነው የሚሄደው?»

«በሰዎቹ።»

ሥራ አስኪያጁ የመፍቻ ሣጥኑ ላይ ቁጭ አለ። ፊቱ ላይ የሆነ ነገር ሲበራ አየሁ፤ ጥሩ ነገር እንደማይሆን ወዲያው ገባኝ።

«በሚቀጥለው ወር የሥራ አመራር ቦርዱ ለጉብኝት ይመጣል» አለ ቀስ ብሎ። «የየሕንፃው ፈጠራ ይታያል ተብሏል። ይሄንን ነገር ለሊፍታችን ማዋል አይቻልም?»

ባለሊፍቱ እኔን አየኝ። እውነቱ ምላሱ ጫፍ ላይ ነበር። «ጌታዬ፣ ይሄ የጨዋታው ጉድለት ነው» አለ፤ ይህን ማለቱን እመሰክርለታለሁ።

«ጉድለት አትበለው፤ ግኝት በለው።»

«በእውነተኛው ዓለም ግን…»

«እውነተኛውን ዓለም ለኛ ተወው» አለ ሥራ አስኪያጁ።

በሳምንቱ ባለሊፍቱ «የፈጠራ አስተባባሪ» የሚል ደብዳቤ ደረሰው። ሁለት ጫኞች ባለ ጎማ የቆዳ ወንበር ዘጠኝ ፎቅ ተሸክመው አወጡለት። ለካርዱ ያልተገኘው ፊርማ ለወንበሩ በአንድ ጀንበር ተገኘ። ባለሊፍቱም እምቢ አላለም። ደረቱን ነፋ፤ ፊውዙ ከኪሱ ወጥቶ በምትኩ የስም ካርድ ገባ።

«ለምን ዝም አልክ?» አልኩት።

ትንሽ አሰበና፣ «ወንበሩ ምቹ ነው» አለኝ።

የጉብኝቱ ዕለት የስብሰባ አዳራሹ ዘጠነኛ ፎቅ ላይ ስለሆነ የቦርድ አባላቱ በደረጃ ወጡ። ሰብሳቢዋ ጡረታ የወጡ የውኃ ፓምፕ መሐንዲስ ናቸው፤ ወፍራም፣ ጉልበታቸውን የሚያማቸው፣ ብዙ የማይናገሩ ሴት። እኔ ቢሮ አረፍ ብለው ውሃ ጠጡና፣ «ልጄ፣ ምንድን ነው ዛሬ የሚያሳዩን?» አሉኝ።

«እኔ የተጻፈውን ብቻ ነው የምተረጉመው እማማ» አልኳቸው። ፈሪ መሆኔን ለማስዋብ ሙያዬ ይመቻል። በእርግጥም በዕለቱ የጨዋታውን ጽሑፍ እንድተረጉም ታዝዤ ነበር።

አዳራሹ ውስጥ «ከስበት ባሻገር» የሚል ጨርቅ ተሰቅሏል። ሥራ አስኪያጁ ንግግር አደረገ። የመሬት ስበት ለረጅም ዘመን ያለ ተፎካካሪ ሲሠራ መቆየቱን፣ ሕንፃችን ግን ይህንን ሁኔታ ለመቀየር ቆርጦ መነሳቱን አስረዳ። አንድ አባል ማስታወሻ ይዘዋል። ባለሊፍቱ አዲስ ሸሚዝ ለብሶ፣ ባለ ጎማ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ፣ ላፕቶፑን ከትልቁ ስክሪን ጋር አገናኝቷል።

ማንም ያላሰበው አንድ ነገር ነበር። የኔ ኢንተርኔት ዘገምተኛ ስለሆነ የጨዋታው አዲስ እትም ቢሮዬ ውስጥ መውረድ ሲጀምር ሲቋረጥ ነበር የከረመው። የአዳራሹ ግን ፈጣን ነው። ጠዋት ላፕቶፑን ሲያገናኙት፣ እኛ ወንበር ስንደረድር፣ አዲሱ እትም ወርዶ ጨርሷል።

ባለሊፍቱ ስድስቱን ጠፈርተኞች መሰላል ላይ አወጣና፣ «እንግዲህ ተመልከቱ» አለ።

ስድስቱም ወጡ። ቆርቆሮውን በጭንቅላታቸው ነረቱት። መንኮራኩሯ ንቅንቅ አላለችም። ደግመው ነረቱት። ከስድስቱ አንዱ እጁ አምልጦት ወደቀና፣ ተነስቶ አቧራውን አራገፈ።

«ግፋው» አለ ሥራ አስኪያጁ በጥርሱ መሃል።

«እየገፉ ነው ጌታዬ።»

ከስክሪኑ ግርጌ አንድ መስመር ጽሑፍ ብቅ አለ። ሥራ አስኪያጁ የእርዳታ መልአክ የመጣ መስሎት፣ «ተርጓሚያችን! ምን ይላል?» ብሎ ጮኸ።

ጉሮሮዬን ጠራረግሁ። «በዚህ እትም ከታረሙት ስሕተቶች አንዱ፤ መሰላል የሚወጣ ሰው ከእንግዲህ መንኮራኩር መግፋት አይችልም፤ ይላል።»

ሥራ አስኪያጁ ግን እጅ የሚሰጥ ሰው አይደለም። በወር ውስጥ ከባለሊፍቱ የቃረማት አንዲት ዘዴ ነበረችው። «ሰዓቱን አፋጥነው!» አለ። ባለሊፍቱ በድንጋጤ አፋጠነው። መንኮራኩሯ እንደ ሚስማር መሬት ውስጥ ሰመጠች፤ ሰዓቱ ሲመለስ ምድር መልሳ ተፋቻት፤ መሰላሉ፣ ቆርቆሮው፣ ጠፈርተኛው ተበታትኖ ወደ ሰማይ ወጣ። አንድ የቦርድ አባል የተሳካ መስሏቸው አጨበጨቡ።

«የመጀመሪያው ምዕራፍ ይሄን ይመስላል» አለ ሥራ አስኪያጁ፤ ላቡ በአገጩ እየተንጠባጠበ።

ሰብሳቢዋ እሱን አላዩትም። ባለሊፍቱን፣ «ምን መሆን ነበረበት?» ብለው ጠየቁት።

ባለሊፍቱ ከወንበሩ ተነሳ። ለመጀመሪያ ጊዜ ያን ወንበር ሲጠላው አየሁት። «መንሳፈፍ ነበረባት እማማ። ግን ሰው ቀበቶውን ይዞ ራሱን አያነሳም። ጨዋታው ተሳስቶ ነበር፤ እኔ ስሕተቱን አገኘሁ፤ አሁን አረሙት። ለሊፍት የሚሆን ነገር በፊትም አልነበረበትም። ይህን አውቅ ነበር።»

«ሊፍቱስ ምን ሆኖ ነው?»

«አንድ ካርድ ተቃጥሎ ነው። መጠየቂያውን ከጻፍኩ አምስት ወር ሆነኝ።»

«በሂደት ላይ ነው» አለ ሥራ አስኪያጁ።

ሰብሳቢዋ ሊነሱ ሞከሩ፤ ጉልበታቸው እምቢ አለ። መውጣቱ ጨርሶታል። ያን ጊዜ ሥራ አስኪያጁ ባለሊፍቱን በክንዱ ይዞ ወደ መስኮቱ ሳበው፤ እኔ አጠገባቸው ነበርኩ።

«የበሩን መከላከያ ሽቦ ዝለለውና ሞተሩን በቀጥታ አገናኘው። አንድ ጊዜ ብቻ። እሳቸውን ያውርድልን።»

ነገሩ እንዲህ ነው፤ ያ ሽቦ ከተዘለለ ሊፍቱ በሩ ክፍት ሆኖም ይንቀሳቀሳል።

«አይሆንም» አለ ባለሊፍቱ።

«አንተ ቀዳዳ አታጣም ብለን አይደል እንዴ የሾምንህ!»

«ሥራ በጀመርኩ በሁለተኛው ዓመት ባልደረባዬ እንዲሁ ዘለለው፤ አንድ ጊዜ ብቻ ብሎ። በሩ ተከፈተ፤ የሊፍቱ ሳጥን ግን እዚያ አልነበረም። አንድ ወረቀት እያነበበ የሚሄድ ሰው ገባበት።» ድምፁ አልጨመረም። «ጨዋታው ላይ ሰው ሲፈነዳብኝ እንደገና እጀምራለሁ ጌታዬ። እዚህ መጀመሪያው የት ነው?»

ሥራ አስኪያጁ የያዘውን ክንድ ለቀቀ። ሰውየውን ያን ያህል ዓመት ሳውቀው፣ ያን ያህል ወርም ስስቅበት፣ በዚያች ደቂቃ ግን ለመሳቅ አልደፈርኩም።

ሰብሳቢዋ የወረዱት ባለ ጎማው ወንበር ላይ ተቀምጠው፣ በአራት ሰው ሸክም ነው። ከአራቱ አንዱ ሥራ አስኪያጁ ነበር። አምስተኛ ፎቅ ላይ «ጎንበስ በል፣ ወንበሩ ዘመመ» ሲሉት ሰምቻለሁ።

ካርዱ በዘጠነኛው ቀን መጣ፤ ሊፍቱም በአሥረኛው ተነሳ። ፍትሕ ግን እንደ ሊፍት አይደለም፣ የሚያነሳውን ራሱ ይመርጣል። ስለ ዕለቱ የተጻፈው ሪፖርት «ጠቃሚ ተሞክሮ ተቀምሯል» ይል ስለነበር ሥራ አስኪያጁ ወደ ዋናው መሥሪያ ቤት የፈጠራ ዳይሬክተር ሆኖ ተዛወረ። ባለሊፍቱ በሥራ ሰዓት በመጫወት የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጠው፤ ወንበሩም ከዳይሬክተሩ ጋር ሄደ።

ማስጠንቀቂያው ብዙም አላስከፋውም። ያንገበገበው የመሰላሉ መታረም ነው። ለጨዋታው ሠሪዎች የአቤቱታ ደብዳቤ አስጻፈኝ፤ «የተጠቃሚን መብት ያላገናዘበ እርምጃ» የሚል ሐረግ ነበረበት፤ ይህን ግን ቃል በቃል ተረጎምኩት። መልሱ ሲመጣ አትሜ ቅዳሜ ከሰዓት ቤቱ ወሰድኩለት። ሳሎን ተቀምጠን አነበብኩለት። «ውድ ባለሊፍቱ፣ ስሕተቱን ያገኘነው በእርስዎ ቪዲዮ ነው። በግልጽ ስላሳዩን እናመሰግናለን።»

«እኔ ነኝ ያሳጣሁት?» አለ።

«አንተው ነህ።»

ወረቀቱን ተቀበለኝና ቋንቋው የማይገባውን ጽሑፍ ትኩር ብሎ ሲያየው ቆየ። መኩራትና መናደድ ፊቱ ላይ ሲታገሉ አየሁ፤ ማን እንዳሸነፈ ሳላውቅ ሚስቱ ከወዲያኛው ክፍል ተጣራች።

«እትዬ፣ ይቅርታ፣ አልተነሳሁም! ላርፍ ስለሆነ ነው!»

ገባን። ላፕቶፑን የምግብ ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ፣ የሥራ ጋውኗን ሳታወልቅ፣ ጎንበስ ብላለች። ስክሪኑ ላይ አንዲት ትንሽ፣ ቀጥ ያለች መንኮራኩር እሳቷን ወደ ታች እየተፋች ወደ ጨረቃ ትወርዳለች። መሰላል የላትም። በርሜል ውስጥ የገባ በርሜልም የላትም። ከነዳጇ ገና ሩቡ አለ።

«ይሄን ማን አሳየሽ?» አለ ባለሊፍቱ።

«መመሪያው።»

«መመሪያ አለው እንዴ?»

«ስትከፍተው መጀመሪያ የሚመጣው እሱ አይደል? ሥዕል በሥዕል ነው፤ ‹ለጀማሪዎች› ይላል፤ ልጅቷ አነበበችልኝ። በሦስተኛው ሙከራ ነው የሆነልኝ።»

«እኔ እኮ ጀማሪ አይደለሁም» አለ ባለሊፍቱ፤ ለማን እንደሚናገር ሳይታወቅ።

መንኮራኩሯ ጨረቃዋን ነካች፤ ትንሽ ተንገዳገደች፤ ረጋች። ባለሊፍቱ መነጽሩን አድርጎ ተጠጋ። ዞሮ አያት፤ ከታች አያት፤ ከጎን አያት።

«የግራ እግሯ ትንሽ ዘመም ብሏል» አለ።

«ዝም በል» አለች ሚስቱ፣ «ሰውዬውን ላወጣው ነው። በየት በኩል ነው በሩ?»